የፕሌይስቴሽን ሲዲ ሳይበላሽ ወደ ሀርድ ዲስክ የማስገባት አሠራር

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፤ ከፕሌይስቴሽን ጋር ያደገ ሰው ቤት ብትገቡ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ላይ አንድ የሲዲ ቦርሳ አታጡም። ጌም ቤት የነበረው ሰው ደግሞ ካርቶን ሙሉ አለው። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ተሽጧል፣ ወይም ሌንሱ ደክሟል። ሲዲው ግን አለ። አለ ማለት ይነበባል ማለት አይደለም፤ ሳይነካ ተቀምጦም ይበላሻል። ስለዚህ ገና ሲነበብ ማንበብ ያስፈልጋል።

እዚህ የማስረዳው የፕሌይስቴሽን 1 እና የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲዎችን ወደ ኢሜጅ ፋይል (የዲስኩን ይዘት እንዳለ ወደሚይዝ ፋይል) ስለመቀየር፣ ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ስለማረጋገጥ፣ በሥርዓት ስለማስቀመጥና በኮምፒውተር ወይም በራሱ በፕሌይስቴሽኑ መልሶ ስለመጫወት ነው። ከሁሉም ይልቅ ማረጋገጡ ላይ እቆያለሁ። መገልበጡን ብዙ ሰው ያውቅበታል። የተገለበጠው ሙሉ መሆኑን ሳያዩ ዋናውን ሲዲ ለሰው መስጠት ወይም መጣል ግን በኋላ የማይታረም ጉዳት ነው፤ ጌሙ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ሲቆም ነው የሚታወቀው።

ሲዲውን ገልብጣችሁ እዩት

ሥራው የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ በፊት በዓይን ነው። ሲዲውን ገልብጡና የሚነበበውን ጎን ብርሃን ላይ ያዙት። ጥቁር ከሆነ ዋናው የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ነው። ሰማያዊ ከሆነ በሲዲ የታተመ የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ነው፤ ሁለቱም ከ700 ሜጋባይት ገደማ አይበልጡም። ብርማ ከሆነ ዲቪዲ ነው፤ ባለ አንድ ንብርብሩ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ከሆነና ፊቱ ላይ በማርከር ከተጻፈበት ደግሞ በኮምፒውተር ራይት የተደረገ ነው።

በታተመውና ራይት በተደረገው መካከል ያለው ልዩነት የሥራውን ቅደም ተከተል ይወስናል። ፋብሪካ የታተመው ዲስክ መረጃው ጥቃቅን ጉድጓድ ሆኖ በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ በአሉሚኒየም ተለብጧል። ራይት የተደረገው ግን ሌዘር በስስ ቀለም ላይ ያኖረው ምልክት ነው፤ ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት ይለቃል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚያ መስኮት ሥር የከረመ ራይት የተደረገ ዲስክ ከ2,700 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ከከረመው በብዙ እጥፍ ተጎድቷል ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ የራሳችሁን ዋና ሲዲ መጠባበቂያ አድርጋችሁ ራይት ያደረጋችሁት ካለና ዋናው ከተሰበረ፣ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው። ቀጥሎ የተጫረው ዋና። ንጹሑ መጨረሻ ይደርሳል፤ እሱ ይጠብቃችኋል።

በፊቱ ላይ የመለያ ቁጥር ታገኛላችሁ። በኤስኤልኢኤስ ወይም በኤስሲኢኤስ የሚጀምረው ለአውሮፓ የታተመ፣ በኤስኤልዩኤስ የሚጀምረው ለአሜሪካ፣ በኤስኤልፒኤስ የሚጀምረው ለጃፓን ነው። ይህን ቁጥር አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ኋላ ፋይሉን የምታውቁበት ዋናው መታወቂያ እሱ ነው።

ሌሎች ማሽኖችን በአጭሩ ልለፋቸው። የኒንቴንዶ ጌምኪዩብና ዊ፣ የመጀመሪያው ኤክስቦክስ፣ የሴጋ ድሪምካስት ዲስኮች በተራ የኮምፒውተር ድራይቭ አይነበቡም፤ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ራሱ ማንበቢያ ይሆናል። የፕሌይስቴሽን 3 ብሉሬይ ዲስክ የተመሰጠረ ነው፤ የተወሰኑ የብሉሬይ ድራይቮችና የዲስኩ ቁልፍ ያስፈልጋሉ። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ዲስክ ያለው ሰው ደግሞ ጊዜውን አያባክን። ጌሙ ወደ ማሽኑ ሀርድ ዲስክ ቢጫንም ለመጫወት ዲስኩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሶኒም ዲስክ ተቀብሎ ዲጂታል ቅጂ የሚሰጥበት አሠራር የለውም። የምታውቁት ልጅ «ዲስኩን ከጫንኩት በኋላ ሸጥኩት፣ አሁን አልከፍት አለኝ» ቢላችሁ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ሕጋዊ ባለቤት ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ዋናው ከእጃችሁ በሽያጭ ወይም በስጦታ ከወጣ ቅጂውን ይዞ የመቀጠል መብትም አብሮ ይወጣል። በገበያችን ሲዞር የኖረው ብዙው ሲዲ ኮፒ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህ ፈቃድ እሱን አይጨምርም። ስለዚህ እዚህ የምናገረው በእጃችሁ ስላለ ዋና ሲዲ ነው። ፋይሉን ቴሌግራም ቻናል ላይ መጫን ደግሞ መጠባበቂያ መያዝ አይባልም፤ ማሰራጨት ነው። የምትወዱትን ጌም የሠሩ ሰዎች ላባቸውን አፍስሰውበታል፤ ይህን እያሰባችሁ ሥሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዲቪዲ ድራይቭ ያለው ኮምፒውተር ይበቃል። አዳዲስ ላፕቶፖች ድራይቭ የላቸውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤክስተርናል ዲቪዲ ራይተር ግዙ፣ ወይም ኮምፒውተር ጥገና ቤት ከተጣለ ዴስክቶፕ የወጣ ድራይቭ ጠይቁ። እኔ የድሮውን የዴስክቶፕ ድራይቭ እመርጣለሁ። ከስስ ኤክስተርናል ድራይቮች ይልቅ የተጫረ ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ የተሻለ ትዕግሥት አለው። የሚቻል ከሆነ ሁለት የተለያዩ ድራይቮች ይኑሯችሁ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል።

ለማስቀመጫ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ይዛችሁ ብትነሡ 100 ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ሁሉም እስከ አፉ ሞልቶ ቢሆን እንኳ 470 ጊጋባይት ነውና ይተርፋችኋል። ሀርድ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት እንጂ በኤክስፋት አታድርጉት። ምክንያቱ መብራት ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚሠራውን ነገር አስቀድሞ መዝግቦ ስለሚጀምር በመሃል መብራት ቢጠፋ መልሶ ይነሣል፤ ኤክስፋት ይህ መዝገብ የለውም፤ አንድ መጥፎ መቋረጥ የፋይሎቹን ዝርዝር በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ዩፒኤስ ግድ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መያዙን አረጋግጡ፤ ራሱን እንዳያስተኛም ስሊፕ የሚለውን አጥፉ።

ማጽዳትና ማሞቅ

ሲዲውን በጋቢ ጫፍ ወይም በሹራብ እጅጌ መጥረግ ልማዳችን ነው። ጨርቁ ላይ ያለው አቧራ እንደ አሸዋ ይጭራልና ተዉት። የመነጽር ጨርቅ ወይም ብዙ ጊዜ የታጠበ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውኃና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል። መጥረጉ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ይሁን፤ ዙሪያውን አይዙር። መረጃው በዲስኩ ላይ በዙሪያ የተጠቀለለ መስመር ነው። ጭረቱ መስመሩን አቋርጦ ካለፈ የድራይቩ ስሕተት ማረሚያ የጎደለውን ከሁለቱ ጎን ያሟላዋል። በመስመሩ ላይ ተከትሎ ከሄደ ግን በተከታታይ ብዙ መረጃ ይጠፋል፤ ያን ማሟላት አይቻልም።

ከታች ያለው ጭረት ያስፈራል እንጂ ሲዲ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። ሲዲ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ሲሆን መረጃው የተቀመጠው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ነው። ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈበት ወይም ፕላስተር ለጥፎ የላጠ ሰው መረጃውን ራሱን ላጠው ማለት ነው። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፤ መረጃው በሁለት ባለ 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች መካከል ነው። ስለዚህ ብርሃን ላይ አንሥታችሁ እዩት። በጥቁሩ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ይህ ከባድ ነው፤ በሌሎቹ ግን ብርሃን በነጥብ በነጥብ ካለፈ ያ ቦታ ጠፍቷል። ጭረት ለማለስለስ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ። ገና የሚነበብ ዲስክ ላይ አታድርጉት፤ መጀመሪያ አንብቡት፤ ካቃተ ብቻ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ እሱም ከታችኛው ጎን ብቻ።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ብርድ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ዲስክ ምድጃ ወይም ከሰል ያለበት ሞቃት ክፍል ሲገባ ላቡ ይወጣበታል፤ ውኃው በዓይን የማይታይ ስስ ሊሆን ይችላል፤ ሌዘሩን ግን ያሳስታል። ድራይቩም እንዲሁ። አንድ ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ አስቀምጣችሁ ጀምሩ።

የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲን ማንበብ

በዊንዶውስ ኢምግበርን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። የመጨረሻ እትሙ 2.5.8.0 እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፤ ዕድሜው ሥራውን አልቀነሰበትም። ሲጫን ሌሎች የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን አብሮ የሚያቀርብ መጫኛ አለና እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ፤ ያልጠየቃችሁትን ምልክት አንሡ።

ዲስኩን አስገቡ። ከዋናው ገጽ «ክሬይት ኢሜጅ ፋይል ፍሮም ዲስክ» የሚለውን ምረጡ። በግራ በኩል የዲስኩ ዝርዝር ይመጣል፤ መጠኑን አይታችሁ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። የማስቀመጫ ቦታውን በኮምፒውተሩ የውስጥ ሀርድ ዲስክ ላይ አድርጉት፤ ወደ ኤክስተርናሉ የምታዛውሩት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከታች በቀኝ የንባብ ፍጥነት አለ። ንጹሕ ዲስክ ላይ 8 እጥፍ ጥሩ ነው፤ የተጫረ ላይ 4 እጥፍ ወይም ድራይቩ የሚፈቅደው ዝቅተኛው። በ4 እጥፍ በሰከንድ 5.5 ሜጋባይት ገደማ ስለሚነበብ ሙሉ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚያ ትልቁን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሲያልቅ አይኤስኦ ፋይል ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር አደራ። ፕሮግራሙ በቅንብሩ ውስጥ የንባብ ስሕተትን ችላ በል የሚል አማራጭ አለው። አትንኩት። ችላ ሲባል ያልተነበበውን ቦታ በባዶ ሞልቶ «ተሳክቷል» ይላችኋል፤ ፋይሉ በመጠን ትክክል ይመስላል፤ ጌሙም ይከፍታል። ባዶው የት እንዳለ የምታውቁት ግን ያ ስታዲየም ወይም ያ መንገድ ሊከፈት ሲል ነው። ስሕተት ሲመጣ እንደገና ሞክር በሉት። በድጋሚ እምቢ ካለ አቁሙና ዲስኩን ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ለእሱ ወደ መጨረሻው የማወራው ሌላ መንገድ አለ።

የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲን ማንበብ

እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብዙ የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች ሙዚቃቸውን እንደ ተራ የዘፈን ሲዲ በተለየ ትራክ ይዘዋል። አይኤስኦ ፋይል የሚይዘው የመረጃውን ትራክ ብቻ ስለሆነ ጌሙ ይነሣል፣ ውድድሩ ይጀመራል፣ ሙዚቃው ግን የለም። ስለዚህ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ የሚቀመጠው በቢን እና በኪው ጥንድ ነው። ቢኑ ጥሬውን መረጃ ይይዛል፤ ኪው የትኛው ትራክ የት እንደሚጀምር የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ኢምግበርን የሲዲውን ዓይነት አይቶ ይህን ጥንድ ራሱ ያዘጋጃል። የቢኑን ስም ከቀየራችሁ ኪው ውስጥ የተጻፈውንም ስም ለውጡ፤ ካልሆነ አይገናኙም።

በአውሮፓ የታተሙ አንዳንድ የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች ሊብክሪፕት የሚባል መከላከያ አላቸው። መከላከያው ተራ ንባብ በማይደርስበት የሲዲው ንዑስ መስመር ላይ ስለሚቀመጥ ቅጂው ትክክል ሆኖም ጌሙ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ለነዚህ ኤስቢአይ የሚባል በጣም ትንሽ ተጨማሪ ፋይል ከቢኑ ጎን በተመሳሳይ ስም ይቀመጣል። ቅጂው ቀጥሎ በማስረዳው መንገድ ተረጋግጦ ትክክል ሆኖ ጌሙ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ማረጋገጥ

ለማንኛውም ፋይል ይዘቱ ላይ ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም ቁጥር አለ፤ ሃሽ ይሉታል፣ እኔ አሻራ እለዋለሁ። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው በሙሉ ይለወጣል። ሰቨንዚፕ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ ማውስ ተጭናችሁ ከዝርዝሩ ሲአርሲ ሻ የሚለውን፣ ከእሱም ሻ 1ን ብትመርጡ ያወጣላችኋል።

አሁን ዲስኩን አውጥታችሁ እንደገና አንብቡት፤ ሁለት ድራይቭ ካላችሁ በሁለተኛው። የዘፈን ትራክ ያለውን የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ግን በዚያው ድራይቭ ድገሙት፤ የተለያዩ ድራይቮች የዘፈን ትራክን በጥቂቱ ከተለያየ ቦታ ጀምረው ስለሚያነቡ አሻራው ላይገጥም ይችላል። የሁለቱን ንባብ አሻራ አስተያዩ። አንድ ከሆኑ ድራይቩ በአጋጣሚ የፈጠረው ስሕተት የለም ማለት ነው፤ አንዱን ሰርዙ። ካልገጠሙ ሁለቱም አይታመኑም፤ ዲስኩን አጽዱ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ሁለት ተመሳሳይ እስኪወጣ ድገሙ።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክርም አለ። ሪደምፕ የሚባል የፈቃደኞች ሥራ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ከየራሳቸው ዲስክ ያወጡትን አሻራ በጌም መለያ ቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣል። የእናንተ ቁጥር እዚያ ካለው ጋር ከገጠመ በእጃችሁ ያለው ፋይል ከፋብሪካው እንደወጣ ነው። ካልገጠመ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የተለየ እትም ወይም የዘፈን ትራክ ያለው ሲዲ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዋና መስሏችሁ የገዛችሁት ሲዲ ኮፒ ነው። እኔ ደስ የሚለኝ የሥራው ክፍል ይህ ነው። ከአንኮበር የተገኘ የተጫረ ሲዲና ጨርሶ የማታውቁት ሰው ሌላ አህጉር ላይ ያነበበው ሲዲ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያወጡ፣ ያ ቅጂ እንደሚታመን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ።

ስም አሰጣጥና መዝገብ

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ። አማርኛችንን የማልወድ ሆኜ አይደለም፤ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል አያሳዩም፣ ፋይሉም ላይከፈት ይችላል። የጌሙ ስም፣ የታተመበት አካባቢ፣ የመለያ ቁጥር፤ በዚህ ቅደም ተከተል። የዲስኩ ፊት ተልጦ ቁጥሩ ካልተነበበ አይኤስኦውን በሰቨንዚፕ ክፈቱትና ሲስተም ነጥብ ሲኤንኤፍ የሚባለውን ትንሽ ፋይል በኖትፓድ አንብቡ፤ ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል።

መዝገቡን ግን በአማርኛ ያዙት። ኤክሴል ላይ የጌሙን ስም፣ ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ አሻራውን፣ የተነበበበትን ቀን፣ የዲስኩን ሁኔታ፣ ዲስኩ አሁን ያለበትን ቦታ ጻፉ። «ከማን ተገኘ» የሚል አምድም ጨምሩ። ሲዲውን ከወንድማችሁ ወይም ከተዘጋ ጌም ቤት የገዛችሁት ከሆነ ያን የሚያስታውስ ሌላ ሰነድ የለም።

ቦታ ካጠራችሁ ሲኤችዲ ወደሚባለው ቅርጽ መቀየር ትችላላችሁ። ከሜም ኢሙሌተር (ኢሙሌተር የሌላ ማሽንን ጌም በኮምፒውተር የሚያስነሣ ፕሮግራም ነው) ጋር የሚመጣው ሲኤችዲማን ይሠራዋል፤ ለሲዲ «ክሬይት ሲዲ»፣ ለዲቪዲ «ክሬይት ዲቪዲ» የሚለውን ትዕዛዝ ይወስዳል። ምንም መረጃ አይጠፋም፤ ወደ ቀድሞው ቢንና ኪው መመለስም ይቻላል። የቢንና የኪው ጥንድ አንድ ፋይል መሆኑ ብቻ እንኳ ትልቅ እፎይታ ነው። አሻራውን የምታወጡት ግን ከመቀየሩ በፊት ነው።

በኮምፒውተር መጫወት

ለፕሌይስቴሽን 1 ዳክስቴሽን፣ ለፕሌይስቴሽን 2 ፒሲኤስኤክስ 2 የሚባሉ ኢሙሌተሮች አሉ። የመጀመሪያው በደካማ ላፕቶፕም ይሄዳል። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ማሽን ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኤስኤስኢ 4.1 የሚባለውን የማይደግፍ በጣም አሮጌ ከሆነ ጨርሶ አይከፍትም። ሁለቱም የማሽኑን ባዮስ (ፕሌይስቴሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን የውስጥ ፕሮግራም) ይጠይቃሉ፤ ባዮሱ የሶኒ ሥራ ስለሆነ ከራሳችሁ ፕሌይስቴሽን ማውጣት አለባችሁ። በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ባዮስድሬይን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይገለብጠዋል። ለኢሙሌተሩ የጌሞቹን ፎልደር አንድ ጊዜ ብትጠቁሙት ዝርዝሩን ራሱ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ማስተካከያ ሁሉ የየኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው።

በራሱ በፕሌይስቴሽን 2 መጫወት

ሌንሱ የደከመ ማሽን ላለው ሰው ይህ ክፍል ትልቅ ነገር ነው፤ ማሽኑ ሲዲ ማንበብ ቢያቅተውም ሌላው አካሉ ደህና ነውና። ፍሪማክቡት የተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ስትሰኩ ማሽኑ የራሳችሁን ፕሮግራም ይከፍታል። የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ማሽኖች ይህን አይቀበሉም፤ ለነሱ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፍሪዲቪዲቡት አለ፤ እሱ ግን ዲስክ ማንበብ የሚችል ሌንስ ይፈልጋል። ከዚያ ኦፒኤል የሚባለው ፕሮግራም ጌሙን ከፍላሽ፣ ከሀርድ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ያስነሣል።

ፍላሹ ላይ በላቲን ትልልቅ ፊደል ዲቪዲ እና ሲዲ የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ክፈቱና አይኤስኦዎቹን በየቦታቸው አስገቡ። በሰማያዊው ሲዲ የመጡትን ከቢን ወደ አይኤስኦ መቀየር አለባችሁ። ፋት32 ፎርማት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ የቆየ ኦፒኤል ካላችሁ ፋይሉን በዩኤስቢዩቲል ትከፋፍላላችሁ፣ አዲሱ ግን ኤክስፋትን ስለሚያነብ ይህ ችግር የለበትም። ይህ ፍላሽ መጫወቻ እንጂ ዋና ማስቀመጫ አይደለምና ኤክስፋት መሆኑ አያሳስብም።

የፕሌይስቴሽን 2 ዩኤስቢ የድሮው 1.1 ነው። ስለዚህ ከፍላሽ ሲጫወቱ ቪዲዮው ይንተባተባል፤ ጨዋታው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ወፍራሙን ማሽን ከነኔትወርክ አዳፕተሩ የያዘ ሰው ውስጡ ሀርድ ዲስክ ይግጠምለት። ቀጭኑ ማሽን የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ስላለው ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘው። ጌም ቤት ለሚያሠራ ሰው ኔትወርኩን እመክራለሁ፤ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ማሽን ያገለግላል፣ ሲዲዎቹም ከደንበኛ እጅ ይርቃሉ።

ሜሞሪ ካርዱን አትርሱ

ጌሙን ሌላ ቦታ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ የተጫወታችሁትን ግን አይቻልም። በኳስ ጌሞች ውስጥ በእጅ የገቡ የተጫዋቾች ዝውውሮች፣ የሰፈር ቡድን ስሞች፣ ማልያዎች፣ ለዓመታት የተከማቹ ውጤቶች ሁሉ ያሉት 8 ሜጋባይት በሆነችው የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ዩላንችኤልፍ በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ፎልደሮች አንድ በአንድ በፒኤስዩ ቅርጽ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከሲዲዎቹ በፊት ብትሠሩት ደስ ይለኛል። ማሽናችሁን ለመሸጥ የተዘጋጃችሁ ደግሞ ካርዱን ሳትገለብጡ አትስጡ።

ሁለተኛ ሀርድ ዲስክ

ሁሉም በአንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ካለ አንድ መውደቅ ይበቃዋል። ሁለተኛ ግዙና ገልብጡ፤ ገልብጣችሁም አሻራውን በሁለተኛው ላይ አስወጡ፤ መገልበጡም ይሳሳታልና። ሁለተኛው የሚቀመጠው ሌላ ቤት ነው፤ ደብረ ሲና ያለች እኅታችሁ ወይም አዲስ አበባ ያለ አጎታችሁ ዘንድ። ስትልኩት በአውቶቡስ ጭነት ላይ ሳይሆን በሰው እጅ ይሂድ፤ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ከሻንጣዎች ሥር ተጭኖ መውረድ ለሀርድ ዲስክ አይበጀውም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለመስቀል ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ሰክታችሁ ጥቂት ፋይሎች አሻራቸው እንዳለ መሆኑን እዩ።

ዋናዎቹ ሲዲዎችም ይቆዩ። በመያዣቸው ቀጥ ብለው ቁመው፣ ከፀሐይ ርቀው፣ በደረቅ ቦታ።

እምቢ ያሉት ዲስኮች

ወደ ጎን ያስቀመጣችኋቸው ዲቪዲዎች ቀርተዋል። ለነሱ ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው አለ፤ ሊኑክሱን ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭኑ ከፍላሽ ማስነሣት ትችላላችሁ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ አስቸጋሪውን ዘሎ ያልፍና በኋላ ተመልሶ በትንሽ በትንሹ ይታገለዋል። የንባብ ክፍሉን መጠን 2048 ባይት አድርጉት፤ የዲቪዲ አንድ ሴክተር ያን ያህል ነው። ከኢሜጁ ጎን ደግሞ የተነበበውንና ያልተነበበውን የሚመዘግብ የካርታ ፋይል ይጽፋል። መብራት ቢጠፋ ያንኑ ትዕዛዝ ከነካርታው እንደገና ስትሰጡት ካቆመበት ይቀጥላል። የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲን ጥሬ ትራክ ግን በዚህ መንገድ ማንበብ አይቻልም፤ ለሱ ፍጥነት መቀነስና ድራይቭ መለዋወጥ ሞክሩ።

የእናንተ ድራይቭ የቻለውን ጨርሶ ጥቂት ክፍተት ከቀረ ዲስኩን፣ ያልተሟላውን ኢሜጅና የካርታውን ፋይል ይዛችሁ ሌላ ድራይቭ ያለው ሰው ዘንድ ሂዱ፤ ጥገና ቤትም ይሁን ጎረቤት ከተማ ያለ ጓደኛ። እዚያ ዲዲሬስኪው ያንን ካርታ ሲሰጡት ከመጀመሪያ አይነሣም፤ የጎደለውን ብቻ ይፈልጋል። የአንዱ ድራይቭ ሌዘር ያላየውን ሴክተር የሌላው ብዙ ጊዜ ያየዋል። ካርታው ምንም ክፍተት የለም ካለ አሻራውን አውጡና ከሪደምፕ ጋር አስተያዩ፤ ከገጠመ መዝገቡ ላይ «ያልተሟላ» የሚለውን ሰርዛችሁ የተሟላበትን ቀንና ያነበበውን ድራይቭ ጻፉ።